የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሐረር ቅዝቃዜ እስከ ድሬዳዋ ሙቀት፣ በእጅ የሚሠራ እንጨት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። አንዱ ስለ ተሰነጠቀ ጠረጴዛ፣ ሌላው ስለሚወዛወዝ ወንበር፣ ሌላዋ ስለ ረከቦት ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የአብዛኞቹ መነሻ ከሁለት ነገር አያልፍም፦ ያልተሳለ መሣሪያ ወይም ለቦታው ያልደረቀ እንጨት። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለቱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ሳቢያን ነው የምኖረው። በሠፈሬ ያሉ የእንጨት ቤቶች ሁሉ ቺፑድና ኤምዲኤፍ በማሽን እየቆረጡ የሚገጣጥሙ ናቸው። እኔ ግን በእጅ መሣሪያ ደህና ወንበርና ጠረጴዛ መሥራት መማር እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ? ከየትስ ልጀምር?
*(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ መጀመሪያ ብዙ አይግዙ። ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ምላጩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ መላጊያ፤ 6፣ 10 እና 25 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት መሮዎች፤ ሁለት መጋዞች፤ አንድ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)፤ አንድ የማስመሪያ ጌጅ፤ አንድ የእንጨት መዶሻ። በእነዚህ ወንበርም፣ ጠረጴዛም፣ ሳጥንም ይሠራል። የተረፈውን ገንዘብ ለመሳያና ለደረቅ እንጨት ያውሉት።

ሁለት መጋዝ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ የመጋዙ ጥርስ እንደ ትናንሽ መሮ እየቆፈረ መሄድ አለበት፤ በአግድም ሲቆረጥ ግን ጅማቱን እንደ ቢላዋ መበጠስ አለበት። ለርዝመት የሚሆነው በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ5 እስከ 7 ጥርስ ያለው ነው፤ ለአግድም ከ8 እስከ 12። ሲገዙ የጥርሱን ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ ፋብሪካው በሙቀት አጠንክሮታል ማለት ነው፤ ሞረድ ይንሸራተትበታል እንጂ አይበላውም። ሲደንዝ ይጣላል። ሊማሩበት የሚፈልጉ ከሆነ ጥርሱ እንደ ሌላው ብረት ነጭ የሆነውን፣ በሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚሳለውን ይምረጡ።

የሚሠሩበት ባንኮ ከባድ ይሁን። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲያንጠለጥሉ የእጅ አንጓዎ የሚደርስበት ከፍታ ለመላግ ይመቻል፤ ለመካከለኛ ቁመት ከ80 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሚወዛወዝ ባንኮ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አይወጣም፤ ሲላጉ የሚገፉት ኃይል ባንኮውን በማንቀሳቀስ ያልቃል። ቦታ ከጠበበ ከግድግዳ ጋር ያያይዙት።

ወደ ወንበር አይቸኩሉ። የመጀመሪያው ትምህርት አንድን ሻካራ ጣውላ አራት ማዕዘን ማድረግ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደረቅ ግራቪሊያ ወይም ዋንዛ ይውሰዱ። በመጀመሪያ አንዱን ሰፊ ገጽ ይላጉ። መጣመሙን ለማወቅ ቀጥ ያሉ ሁለት ዘንጎችን አንዱን በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ ጫፍ ያስቀምጡና ዝቅ ብለው በላያቸው ይዩ፤ የዘንጎቹ አናት እኩል ካልታየ ጣውላው ጠማማ ነው፤ ከፍ ያሉትን ተቃራኒ ማዕዘኖች ብቻ ይላጉ። ገጹ ከተስተካከለ በኋላ አንዱን ጠርዝ ከእሱ ጋር በስኳድራ እየለኩ ያቅኑ። ከዚያ በጌጅ ውፍረቱን ዙሪያውን ያስምሩና ሁለተኛውን ገጽ እስከ መስመሩ ይላጉ፤ በመጨረሻ ስፋቱን። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ሁሉም ልክ በስሕተት ላይ ስሕተት ይሆናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መለኪያ የሚነሣው ከመጀመሪያው ገጽ ነው።

ይህን አሥር ጊዜ ይድገሙት። በጎን ደግሞ በየቀኑ ሃያ ሃያ መስመር እያሰመሩ መጋዝ ይለማመዱ፤ መስመሩን ግማሹን ትተው ግማሹን ሲቆርጡ እጅዎ ገብቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መሮዬ ሁለት ጊዜ ከተመታ በኋላ ይደንዛል። በሞላ (በሚሽከረከር የማሽን ድንጋይ) አስላለሁ፣ ወዲያው ይመለሳል። ብረቱ መጥፎ ነው ወይስ አሳሳሌ? አንድ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ሊሠራልኝ ይችላል፤ ይሻላል?
*(ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ ሞላው ላይ ሲያስሉ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል? ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የመሮ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ተግሎ በፍጥነት ከቀዘቀዘ በኋላ በልክ እንደገና በመሞቅ ነው። ጫፉ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ ያ ቦታ ለስልሷል። ሰማያዊው ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ቢያስሉት ስለት አይይዝም። ሞላ የሚጠቅመው የተሸረፈ ጫፍ ለማውጣት ብቻ ነው፤ ያኔም ከሁለት ሰከንድ በላይ ሳይይዙ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ ጣትዎን ከጫፉ አጠገብ አድርገው። ጣት የማይችለውን ሙቀት ብረቱም አይችለውም።

ስለቱን የሚሰጠው ድንጋይ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከመስታወት ቤት 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ መስታወት ይፈልጉ። የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000 ይግዙ። ወረቀቱን በውሃ አርጥበው መስታወቱ ላይ ሲለጥፉት ይይዛል።

መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ያስተካክሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ከጫፉ ወደ ኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በ400 ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ይሹት፤ እስከ ጫፉ ድረስ አንድ ዓይነት ቀለም ሲይዝ ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 2000 ይለፉ። ጀርባውን አንዴ ካስተካከሉ ዳግመኛ ከባድ ሥራ የለበትም። ስለት ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው፤ አንደኛው ገጽ ጎርበጥባጣ ከሆነ መስመሩም ጎርበጥባጣ ነው።

ቀጥሎ ዘንበል ያለውን ገጽ። ዋናው ዘንበልታ 25 ዲግሪ፣ ጫፉ ላይ ብቻ 30 ዲግሪ ይሁን። ለመብሳት መዶሻ የሚመቱበት መሮ ከሆነ ጫፉን እስከ 35 ዲግሪ ያሳድጉት፤ ሁለት ጊዜ ተመቶ የሚደንዘው መሮዎ ምናልባት በጣም ስሶ ይሆናል። በ1000 ላይ እየሳቡ በጀርባው በኩል ስስ የብረት ጥፍር ሲወጣ በጣት ይታወቃል። ያ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር እስካልወጣ ድረስ ስለቱ ጋ አልደረሱም፤ ወረቀት መቀየር አይጠቅምም። ሲወጣ በ2000 ይድገሙት፤ ከዚያ ጀርባውን አንድ ሁለት ጊዜ ያሹትና ጥፍሩን ያርግፉት። በመጨረሻ ወፍራም ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ አሥር ጊዜ ያህል ያለስልሱት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለስላሳ እንጨት በአግድም ጫፉ ላይ ሲቆርጡት ገጹ የሚያበራ ከሆነ ተስሏል፤ ነጭና የተቦጫጨረ ከሆነ ገና ነው።

ባሌስትራ ደህና ብረት ነው፤ ቀጥቃጩ አግሎ በዘይት ካጠነከረው በኋላ መልሶ በልክ ካላሞቀው ግን ይሸርፋል። ከአሮጌ ሞረድ በሚሠራው ደግሞ የባሰ ይጠንቀቁ፤ ሞረድ ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ሳይለዝብ በመዶሻ ከተመታ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐረር ያሠራሁት የዋንዛ የምግብ ጠረጴዛ ድሬዳዋ ቤቴ ከገባ በአራት ወሩ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። ሠሪው ኮላው ጥሩ ነበር ይላል። ማን ተሳሳተ? ይጠገናል?
*(ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ ኮላው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ከኮላው መስመር ውጪ በእንጨቱ በራሱ ላይ ከሄደ ኮላው ከእንጨቱ በልጦ ይዟል ማለት ነው።

ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለእንጨት ግን ሌላ አገር እንደ መሄድ ነው። እንጨት በአካባቢው አየር ውስጥ ባለው እርጥበት ልክ ውሃ ይይዛል፣ ይለቅቃል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ በሆነበት ቤት እንጨት 12 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይዞ ይረጋል፤ 40 በመቶ በሆነበት ግን ወደ 7 ወይም 8 በመቶ ይወርዳል። ቫርኒሽ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሲደርቅ የሚሸመቅቀው በስፋቱ ነው፤ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። ለብዙ እንጨቶች በጠፍጣፋ የተሰነጠቀ ጣውላ እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ ስፋቱ በግምት ሩብ በመቶ ይቀንሳል። የእርስዎ ጠረጴዛ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውና እንጨቱ ሲሠራ 14 በመቶ እርጥበት ይዞ ቢሆን፣ አሁን ደግሞ 8 ላይ ቢደርስ፣ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጠብብ ይፈልጋል። ሠሪው ገጹን ከሥሩ ካሉት ተሻጋሪ እንጨቶች ጋር በኮላና በቪቴ ከቸነከረው መጥበብ አይችልም። መጥበብ ያቃተው እንጨት ደካማ በሆነበት ቦታ ይቀደዳል። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው፤ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ ቦታ አልተተወለትም።

ጥገናው የሚጀምረው ከሥር ነው። ገጹን የያዙትን ቪቴዎች ሁሉ ይፍቱ። ገጹን በቤትዎ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይተዉት፤ የቀረውን መጥበብ ይጨርስ። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ መሙላት ፈጽሞ አይጠቅምም፤ ሙሌቱ ጅማት ስለሌለው በሚቀጥለው ወቅት ይፈረከሳል። ገጹን በስንጥቁ መስመር በመጋዝ ለሁለት ከፍለው፣ ሁለቱን ጠርዞች በመላጊያ አቅንተው፣ እንደገና ያጣብቁ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ያጣሉ፤ ጠረጴዛው ግን ይድናል።

ሲመልሱት ገጹን በእንጨት ቁልፎች ይያዙት። ቁልፉ 45 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ነው፤ አንዱ ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ምላስ ይኖረዋል። ምላሱ በተሻጋሪው እንጨት ውስጠኛ ገጽ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ቁልፉ ራሱ በአንድ ቪቴ ከገጹ ጋር ይታሰራል። በምላሱ ጫፍና በቦዩ መጨረሻ መካከል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ። ሌላው አማራጭ ተሻጋሪው ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ ቀዳዳው በገጹ ስፋት አቅጣጫ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። መሐሉ ላይ ብቻ አጥብቀው ይሰሩት፣ ዳርና ዳሩ እንዲንሸራተት።

ሐረር ለምትሠሩና ለድሬዳዋ ለምትሸጡ አናጺዎች ደግሞ አንድ ቃል፦ የተላገውን ጣውላ ከመገጣጠማችሁ በፊት ድሬዳዋ አንድ ወር ማሳደር ብትችሉ ከሁሉ ይበልጣል። ካልቻላችሁ ጣውላችሁን ግንዱ በአራት ከተከፈለበት አቅጣጫ የተሰነጠቀውን ምረጡ፤ ዓመታዊ ቀለበቶቹ በጣውላው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው የሚታዩትን። እንዲህ ያለው ጣውላ የሚሸመቅቀው የሌላውን ግማሽ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ "ደርቋል" ይለኛል፤ በምን ልመን? በተለይ ባህር ዛፍ ሁሌ ይጠማዘዝብኛል።
*(ከሐረር)*

መልስ፦ በሚዛን። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ይቁረጡ፤ ጫፉ ሁሌ ቀድሞ ስለሚደርቅ አያመላክትም። ወዲያው በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ በምድጃ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። የመጀመሪያው ክብደት 240 ግራም፣ የመጨረሻው 200 ግራም ከሆነ ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት ያካፍሉ፤ 40 ለ200፣ 20 በመቶ ነው። 20 በመቶ ለጣሪያ ይሆናል፣ ለቤት ዕቃ አይሆንም። ምድጃ ከሌለ ያንኑ ቁራጭ በጥላ አስቀምጠው በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ከአካባቢው አየር ጋር ተስተካክሏል።

ሲያደርቁ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው እኩል መለያያ እንጨቶች ያስገቡ፣ መለያያዎቹ በቀጥታ አንዱ በአንዱ ላይ ይቁሙ። የጣውላዎቹን ጫፍ በአሮጌ ቀለም ይቀቡ። ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ፀሐይ ላይ አያድርጉት፤ ውጪው ደርቆ ሲጠነክር ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በኋላ ሲሰነጥቁት ይጎብጣል። ባህር ዛፍ ከዋንዛና ከግራቪሊያ በላይ ይሸመቅቃል፣ በውስጡም ከዛፍነቱ ጀምሮ የታመቀ ውጥረት አለው፤ ለሰፊ ገጽ አይምረጡት። ለእግርና ለቀጭን ዘንግ ግን ጠንካራና ጥሩ ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ስትገዙ የመጣበትን ሕጋዊ ወረቀት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምሠራቸው ወንበሮች ከስድስት ወር በኋላ ይወዛወዛሉ። ሚስማር ብጨምርም አልተሻለም።
*(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ ሚስማሩን ያቁሙ። ሚስማር በቀለለ እንጨት ውስጥ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ለጥገና በሚፈታበት ጊዜ መሮዎን ይሰብራል።

ወንበር የሚያዘው በሴቴና (እግሩ ላይ በሚበሳው ጉድጓድ) በወንዴ (እዚያ ውስጥ በሚገባው የተሻጋሪው ጫፍ) ነው፤ ትልቁ ጭነት የሚያርፈው ደግሞ ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ የጎን ተሻጋሪው ከኋላ እግር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እግሩ 40 ሚሊ ሜትር፣ ተሻጋሪው 22 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል። የወንዴው ውፍረት ከተሻጋሪው ሲሶ በላይ ትንሽ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ መሮ ካለዎት 10 ያድርጉት። ሁልጊዜ ወንዴውን ለመሮዎ ልክ ይሥሩ፤ መሮን ለወንዴ አይፈልጉ። ርዝመቱ 28 ሚሊ ሜትር፣ የሴቴው ጥልቀት 30 ይሁን፤ ሁለቱ ሚሊ ሜትር ለተረፈ ኮላ ነው። ኮላ መሄጃ ካጣ ወንዴውን ወደ ኋላ ይገፋዋል ወይም እግሩን ይሰነጥቀዋል።

ሴቴውን ቀድመው ይብሱ። በጌጅ ሁለት መስመር ካሰመሩ በኋላ መሮውን ከጫፍ መስመሩ 3 ሚሊ ሜትር ገባ አድርገው ይጀምሩ፤ ጫፉን መጨረሻ ላይ ያጸዱታል፣ አለበለዚያ ፍርስራሹን ሲያነሡ ጠርዙን ይጨፈልቁታል። ቀጥ አድርገው ይምቱ፣ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሂዱ፣ ደግመው ይምቱ፣ ያንሱ። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ጠባብ ቀጥ ያለ ዘንግ አስገብተው ይፈትሹ። መሐሉ ሆድ ካወጣ ወንዴው ጫፉ ላይ ብቻ ይነካል፤ የሚወዛወዘው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ወንዴውን ሲቆርጡ ከመስመሩ ውጪ ይጋዙ፣ በመሮ ያስተካክሉ። ልኩ ይህ ነው፦ በእጅ ግፊት ወይም በእንጨት መዶሻ ቀላል ምት ይገባል፤ ተሻጋሪውን ብቻ ይዘው ሲያነሡት እግሩ አይወድቅም። በብርቱ ምት ብቻ የሚገባ ከሆነ ኮላውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፣ እግሩንም ይከፍታል። የላላ ከሆነም ኮላ ክፍተት አይሞላም፤ ስስ የእንጨት ልባጭ ወንዴው ላይ ይለጥፉና እንደገና ያስተካክሉ።

አንድ ተጨማሪ መጠባበቂያ ቢፈልጉ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የወይራ ካስማ ይጠቀሙ። ቀዳዳውን እግሩ ላይ ይብሱ፤ ወንዴውን አስገብተው ቦታውን ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ወንዴው ላይ ያለውን ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው (ወንዴው ከተሻጋሪው ወደሚነሣበት ጠርዝ) አቅርበው ይብሱ። ካስማው ሲገባ መገጣጠሚያውን ይስበዋል። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ግን አይሂዱ፤ ወንዴው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) ዕቃውን ገጣጥሜ ሳልጨርስ ይደርቅብኛል።
*(ከድሬዳዋ)*

መልስ፦ ድሬዳዋ ላይ ቀን ስድስት ሰዓት አይገጣጥሙ። ንጋት ላይ ይሥሩ። አስቀድመው ያለ ኮላ ሁሉን ገጣጥመው ይፈትሹ፣ ክላምፖቹን (እስኪጣበቅ ጨብጠው የሚይዙትን) ልካቸው ላይ አድርገው በአጠገብዎ ያኑሩ። ወንበርን በአንድ ጊዜ አይጨርሱ፤ ዛሬ የፊቱን ሁለት እግር፣ የኋላውን ሁለት እግር ለየብቻ፣ ነገ ሁለቱን የሚያገናኙትን። ኮላውን ሴቴው ውስጥ በቀጭን ዘንግ ይቀቡ፤ ወንዴውን ስስ ብቻ። ውሃ ጨምረው አያቅጥኑት፣ ይደክማል። ለአንድ ሰዓት ክላምፕ ላይ ይቆይ፤ ለ24 ሰዓት ሸክም አይደረግበት።

ጥያቄ፦ በጁገል ቤታችን ከአንድ ጣውላ የተሠራ፣ ያለ ምስማርና ያለ ማጠፊያ የሚታጠፍ የቆየ የቁርአን ማስቀመጫ ረሃል አለ። እንዴት ነው የሚሠራው? ልጄ መሞከር ይፈልጋል።
*(ከጁገል፣ ሐረር)*

መልስ፦ ይህ ከእጅ ሥራ ሁሉ ብልኃቱ የሚያስደስት ነውና ልጅዎ ይሞክረው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት በጣም ደረቅ ጣውላ ይፈልግ። እርጥብ ከሆነ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አይታጠፉም።

ከታችኛው ጫፍ 19 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለቱም ገጽ አግድም መስመር ያስምር፤ ይህ የመታጠፊያው ዘንግ ነው። ከእሱ በላይና በታች 10 ሚሊ ሜትር እየራቀ ሌላ ሁለት መስመር። በዚህ 20 ሚሊ ሜትር መቀነት ውስጥ ስፋቱን በአምስት እኩል ጣቶች ይክፈል፤ እያንዳንዱ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥር ይስጣቸው፤ የፊቱ 1 ከጀርባው 1 ጋር አንድ ጣት መሆኑን ያረጋግጥ። በዚህ የተሳሳተ ሁሉን ያጣል።

በፊት ገጽ ላይ 1፣ 3 እና 5 ከላይኛው ጣውላ ጋር ተያይዘው ይቀራሉ፤ የታችኛው ግማሻቸው እየተጠረበ እንደ በርሜል ይከበባል፣ ከሥራቸውም እስከ ውፍረቱ ግማሽ፣ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ በመሮ ይቆፈራል። 2 እና 4 ግን የሚቆፈሩት ከላያቸው ነው። በጀርባው ተቃራኒው ይሠራል፦ 1፣ 3፣ 5 ከላያቸው ይቆፈራሉ፣ 2 እና 4 ከሥራቸው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያለውን መስመር ቀጭን ምላጭ ባለው መጋዝ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስገብቶ፣ በመቀነቱ ርዝመት ልክ ብቻ ይቁረጥ።

የቀረው ጣውላውን በውፍረቱ መሐል ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ መቀነቱ፣ ከታችኛውም ጫፍ እስከ መቀነቱ። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት በእጅ መሰንጠቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጣውላውን ሞርሳ ላይ አቁሞ ከአንዱ ማዕዘን ትንሽ፣ አዙሮ ከሌላው ማዕዘን ትንሽ እያለ ይሂድ። ሲደርስ በኃይል አይክፈተው። የሚይዘውን ቦታ እርሳስ ቀብቶ ትንሽ ሲያንቀሳቅሰው የሚነካው ቦታ ጥቁር ምልክት ያወጣል፤ እዚያ ብቻ በመሮ ያቅልለው። ቅርጻ ቅርጹ መታጠፍ ከቻለ በኋላ ይሁን፤ ብዙ የደከሙበት ጌጥ በመጨረሻ መሰንጠቂያ ላይ ሲበላሽ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ለእናቴ የሠራሁት የእንጨት ረከቦት ላይ ስኒው ባረፈበት ሁሉ ነጭ ክብ ወጣ። የቀባሁት ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ቅብ) ነበር።
*(ከቀፊራ አካባቢ፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ እህታችን፣ ጎማላካ በጣም ውብ ነው፤ ለቡና ግን አይደለም። ትኩስ ነገር ያለሰልሰዋል፣ ውሃም ገብቶ ያነጣዋል፣ አልኮል ደግሞ ያሟሟዋል። ለሳጥን፣ ለመስታወት ክፈፍ፣ ለቁም ሳጥን ያቆዩት።

ነጩ ክብ ገና አዲስ ከሆነ በጣም ጥቂት አልኮል ባለበት ጨርቅ በፍጥነት አንድ ሁለት ጊዜ ሲያሹት ሊጠፋ ይችላል። ለዘለቄታው ግን ቅቡን በአልኮል አሟሙተው ያንሱትና እንጨቱን በቁጥር 180፣ ከዚያ በ240 ብርጭቆ ወረቀት ወደ ጅማቱ አቅጣጫ ያለስልሱ። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ይቀቡ፤ የመጀመሪያውን ቅብ ለአምስት እጅ ቫርኒሽ አንድ እጅ አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛ) ጨምረው አቅጥነው፣ ቀጣዮቹን ሁለት ሳያቀጥኑ፣ በየመሐሉ 24 ሰዓት እየጠበቁ። ሥሩንም ይቀቡ፤ አንድ ገጹ ብቻ የተቀባ እንጨት ይጎብጣል።

የተልባ ዘይት ከመረጡ ለእንጨት ተብሎ የተፈላው ይሻላል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይደርቃል፤ ጥሬው ሳምንታት ይፈጃል። የምግብ ፓልም ዘይት ፈጽሞ አይደርቅም። እባክዎ ይህንን ልብ ይበሉ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ያለ ክብሪትም ሊነድ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ። ጨርቁን ደጅ ላይ ነጠላውን ዘርግተው ያድርቁ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ያቆዩ።

ጥያቄ፦ አዲሱ አልጋዬ ሥር ዱቄት ይፈስሳል፤ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችም አሉ።
*(ከሐረር)*

መልስ፦ ነቀዝ ነው፤ ምስጥ አይደለም። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ምልክቱ ነው። የሚበላው ስታርች ያለበትን ነጩን የዳር እንጨት ነው፤ ጠቆር ያለውን የመሐል እንጨት ብዙም አይነካም። የተበላውን ቁራጭ አውጥተው ይቀይሩ፤ ለሚቀጥለው ሥራ ነጩን ዳር ከጣውላው ላይ አስቀድመው ይጋዙ። አሮጌ ቀዳዳ ብቻ ካለና ከሥሩ አዲስ ብናኝ ካልወደቀ ሄዷል፤ ሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፈው አንድ ወር ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከአያቶቻችን የወረስነው ባለ ቅርጻ ቅርጽ በር ደብዝዟል። በሞላ አጽድቼ ቫርኒሽ ልቀባው ነው።
*(ከጁገል፣ ሐረር)*

መልስ፦ ሞላውን ወደዚያ ያርቁት። የበሩ ዋጋ ያለው የጠራቢው መሮ በተወው ጠርዝ ላይ ነው፤ ያንን ጠርዝ ማሽን በአንድ ደቂቃ ይበላዋል፣ የሚመልሰውም የለም። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ በሩን ከመንካትዎ በፊት የክልሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት ያማክሩ።

ጽዳቱ በለስላሳ ብሩሽ ይጀምር። የቀረውን እድፍ በትንሽ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በረጠበ፣ በተጨመቀ ጨርቅ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያንሱ፤ ወዲያው ያድርቁ። ከዚያ ንብ ሰም በአኳራጃ ያሟሙ፤ አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ አኳራጃ። የሚሟሟው ዕቃው ትኩስ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነው እንጂ እሳት ላይ አይደለም፣ አኳራጃ ይነዳል። በጣም ስስ አድርገው ቀብተው ከአንድ ሰዓት በኋላ በጫማ ብሩሽ ያሹት። በሩ በማጠፊያ ሳይሆን በራሱ የእንጨት ዘንግ ላይ የሚዞር ከሆነ የታችኛው ዘንግ ተበልቶ በሩ መሬት እየፈተገ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ያኔ የሚጠገነው ሙሉ በሩ ሳይሆን ዘንጉ ብቻ ነው፣ ከጠንካራ ወይራ በተሠራ አዲስ ጫፍ።